ሦስት ሜትር ላይ

አባቴ ጠላቂ ነው። ቺሎዌ ደሴት፣ ኬዮን ከሚባል ወደብ፣
ሠላሳ አንድ ዓመት የባሕር ጃርት ለቀመ፣
ከጨለማው ወለል፣ በብረት መንጠቆ፣ በመረብ።
አየሩ በቢጫ ቱቦ ይወርድለታል፤
ጀልባው ላይ አሮጌ ሞተር ያለከልክለታል።

ከልጅነቴ የማውቀው ትእዛዙ አንድ ነው፦
«መውረድስ ማንም ይወርዳል፤ ሰው የሚሞተው ሲወጣ ነው።»
ሦስት ሜትር ሲቀረው ገመዱን ይዞ ይቆማል፣ ይቆጥራል።
ብርሃኑ እላዩ ላይ ነው፤ የኦክታቪዮ ቦቲ ጫማ ይታየዋል፤
ማቴው ፈልቷል፣ ጣቱ ደንዝዟል፤ ግን ይቆያል።
ያልቆየ ሰው ደሙ እንደተከፈተ ቢራ አረፋ ይደፍቃል።
የአጎቴ የሩፊኖ እግር የቀረው እንዲህ ነው፣ አንድ ቀን ቸኩሎ፣
«ለዛሬ ምን አለበት» ብሎ።

እኔ ልጁ ቫልዲቪያ ሄጄ
ያንኑ ጃርት ነው የማየው፣ እንቁላሉን በጠብታ ውሃ ይዤ።
አንዱ ሁለት ይሆናል፣ ሁለቱ አራት።
በመሃል ግን ይቆማል።
(ይህን ማንም አያደንቅም፤ ሰው የሚገርመው መከፈሉ ነው።)
ሳይክሊን የሚሉት ፕሮቲን ጥቂት በጥቂት ይጠራቀማል፣
እንደ ግድብ ውሃ ሞልቶ በሩን ይከፍታል፣
ከዚያ በደቂቃዎች ተሰባብሮ ይጠፋል።
ጊዜው ሲያልቅ የሚሄድ ሹም
እዚያች ጠብታ ውስጥ እንጂ ሌላ ቦታ አላየሁም።

ከበሩ በፊት ደግሞ ዘበኛ አለ፤ የተገለበጠውን ጽሑፍ ያነባል፤
ፊደል ከተገደፈ «ቁም!» ይላል።
ካልታረመ ሴሉ ራሱን ያጠፋል፤
ለቅሶ የለ፣ ድንኳን የለ፤ ጎረቤት ቅሪቱን ይውጣል።

አባቴን ያመመው ባሕር አይደለም።
አንጀቱ ነው። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ቁርጠት፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ደም።
ለማን ይናገር?
ቁስል እሳት ይጠራል፤ እሳቱም የመጣው ለመልካም ነበር።
ነጭ ሴሎች ተባዝተው ዘመቱ፤ ጠላት ወደቀ፤
ያን ጊዜ መበተን ነበረባቸው፣ ሥራው አለቀ።
ማን ይበተን!
ጠላት የለም፤ ዘመቻው አለ።
ግድግዳው ሌሊት ይፈርሳል፣ ጠዋት ይለሰናል፤
«ቶሎ፣ ቶሎ ተከፈል፣ ቀዳዳው ይደፈን» ይባላል።
በሚነድ ቤት ውስጥ ተቀምጦ መጽሐፍ የሚገለብጥ ጸሐፊ
ስንት ፊደል ይገድፋል?
ዘበኛውስ? አንድ ቀን ዝም አለ።
የእሱም ስም የተጻፈበት ገጽ
ከዚያው ከሚነደው መጽሐፍ ነበረ።

ዶክተር ባሪየንቶስ ስክሪኑ ላይ ጣቷን አሳረፈች።
«ገና ነው፤ ግን መንገዱን ጀምሯል» አለች።
አባቴ ወደ እኔ ዞረ።
የተማርኩትን ቃል ሁሉ ሰብስቤ አፌን ስከፍት፣
«ሳይቆሙ ወጡ ማለት ነው?» አለኝ።

ሳይቆሙ ወጡ፣ አባባ።

አንጀቱን አወጡለት፤ ከሆዱ በስተቀኝ ከረጢት ተንጠለጠለ።
ሴልን የሚያስቆም መድኃኒት አሁን አለ፣
ለአንዳንዱ ነቀርሳ ይሠራል፤
አጥብቀው ከያዙት ግን ደም መሥራትም ይቆማል።
መቼ ቁም፣ መቼ ሂድ እንደሚባል
መድኃኒቱም፣ እኔም፣ ገና ተማሪዎች ነን።

አባቴ ከእንግዲህ አይጠልቅም።
ጀልባው ላይ ተቀምጦ የዬርኮን ቱቦ ይይዛል፤
ልጁ አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፣ ይቸኩላል።
ሦስት ሜትር ላይ ሲደርስ ገመዱን ይነቀንቃል፦
በርዶኛል፣ ልውጣ።
አባቴ ሁለት ጊዜ ይጎትታል። «ቆይ» ማለት ነው።
ዝናብ ጀመረ። ሰዓቱን አያይም፤ በከንፈሩ ይቆጥራል።
ልጁ እንደገና ይነቀንቃል።

አባቴ፣ እንደገና፣ ሁለት ጊዜ።